የሆላንድ የነፋስ ወፍጮ፤ ታሪኩና አገልግሎቱ



ሆላንድ ሲባል ከመካከላችን ዕድሜው ገፋ ያለው ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የወንጂ ስኳር ነው። ፋብሪካውን አቋቁሞ በ1954 ስኳር ማውጣት የጀመረው ኤች. ቪ. ኤ. የተባለው የሆላንዶች ኩባንያ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀጥሎ የሚታወሰን በብስኩት ቆርቆሮ ላይ የምናየው ባለ አራት ክንፍ የነፋስ ወፍጮ ነው። ወፍጮ እንበለው እንጂ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ አንድ ቁና እህል እንኳ ፈጭተው አያውቁም። ሥራቸው ውኃ መቅዳት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆላንድ መሬት ሩቡ ያህል ከባሕር ወለል በታች ነው። የጥንት ገበሬዎች ረግረጉን ቦይ እየቀደዱ አጠነፈፉት፤ ዳሩ ግን ያ አፈር ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ዝቅም ይላል። ዝቅ ሲል ውኃው ተመልሶ ይመጣል። መሬቱን ባለሙት መጠን እየሰመጠባቸው ሄደ ማለት ነው። እህል የሚፈጭ የነፋስ ወፍጮ በዚያ አካባቢ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይታወቅ ስለ ነበር፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ያንኑ ወፍጮ ለውኃ አዋሉት።

ነፋሱ ክንፎቹን ሲያዞር፣ ጥርስ ያላቸው የእንጨት መንኮራኩሮች ጉልበቱን ወደ ታች ያወርዱና ባለ መቅዘፊያውን ትልቅ መንኮራኩር ያዞሩታል፤ እሱም ውኃውን ከታችኛው ቦይ እየዛቀ ወደ ላይኛው ይደፋዋል። አንዱ ወፍጮ ውኃውን ከፍ የሚያደርገው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ጥልቅ በሆነው ስፍራ ሦስት አራቱ በተርታ ይቆማሉ። እሳት የተነሳበትን ቤት ጎረቤት ባልዲ እየተቀባበለ እንደሚያጠፋው፣ አንዱ ለሌላው ያቀብላል። ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ባለ ወፍጮው ጣራውን ከነክንፉ አዙሮ ፊቱን ወደ ነፋሱ ይመልሰዋል። ብዙዎቹ ከነልጆቻቸው እዚያው ወፍጮው ውስጥ ይኖሩ ነበር። ነፋስ ደግሞ ሰዓት አይጠብቅም፤ በሌሊት ከተነሣ በሌሊት ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቤምስተር ሐይቅ ታሪክ ነው። የአምስተርዳም ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው በ1607 ሐይቁን ለማድረቅ ተነሡ። ዙሪያውን ግድብ ሠሩ፣ ከግድቡ ውጭ ቦይ ቆፈሩ፣ ወፍጮዎቹን አቆሙ። ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በጥር 1610 ማዕበል የባሕሩን ግድብ ሰበረና ሐይቁ እንደገና ሞላ። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ድካም! እነሱ ግን አልተዉትም፤ ግድቡን አጠንክረው፣ የወፍጮውን ቁጥር ከ40 በላይ አድርሰው በ1612 ጨረሱት። ወደ 7,000 ሄክታር ይሆናል፤ በቀድሞው የእኛ ልክ 175 ጋሻ መሆኑ ነው። ከወፍጮዎቹ ሥራ ጋር ስሙ የሚነሳው ያን አድሪያንስዞን ሌግዋተር ነው።

ግድብና ቦይ ግን በነጋዴ ገንዘብ ብቻ አይጠበቅም። ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የየአካባቢው ሰው የውኃ ማኅበር ነበረው፤ ባለ መሬቱ ሁሉ ከግድቡ ላይ የየድርሻውን ይጠብቃል። አቅም ያነሰው ሰው አካፋውን በግድቡ ላይ ይተክልና መሬቱን ለቆ ይሄዳል። አካፋውን የነቀለ መሬቱንም ግዴታውንም ይረከባል። የእኛ የመዋጮ ደንብ ከበደኝ የሚል አባል ካለ ይህን ያስብ!

ሌላም አገልግሎት ነበረው። በ1590ዎቹ ኮርኔሊስ ኮርኔሊስዞን የተባለ ሰው በነፋስ ግንድ የሚሰነጥቅ ወፍጮ ሠራ፤ መርከብ ለሚሠሩት ትልቅ እፎይታ ሆነ። በዛን ወንዝ ዳር ዘይት የሚጨምቁ፣ ወረቀት የሚሠሩ፣ ቀለምና ሰናፍጭ የሚፈጩም ነበሩ።

በኋላ እንፋሎት መጣ። ሌግዋተር ታላቁን የሃርለም ሐይቅ በ160 ወፍጮዎች ለማድረቅ አቅዶ ነበር፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ከ1849 እስከ 1852 ያደረቁት ሦስት የእንፋሎት ጣቢያዎች ናቸው። ለአንደኛው የእሱን ስም ሰጡት። በስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ያለፋችሁ፣ እግራችሁ የረገጠው የዚያን ሐይቅ ወለል ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት 10,000 ያህል የነበሩት ወፍጮዎች ዛሬ 1,200 ገደማ ቀርተዋል። በኪንደርዳይክ በተርታ የቆሙት 19ኙ ከ1997 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ለዕድራችን ሰዎች ልነግር የፈለግሁት ግን አንድ ሌላ ነገር ነው። ባለ ወፍጮዎቹ ክንፉን በማቆም መልእክት ያስተላልፋሉ። የታችኛው ክንፍ ወደ መጨረሻው ዝቅታ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ፣ በዚያ ቤት ሠርግ ወይም ልደት አለ፤ ደስታ እየመጣ ነው ማለት ነው። አልፎት ጥቂት ከሄደ በኋላ ከቆመ ግን ሐዘን ነው፤ ሄዷል ማለት ነው። በሜዳው ማዶ ያለው ጎረቤት አይቶ ይረዳል፤ የእኛ ጥሩምባ ለጆሮ የሚናገረውን ያ ለዓይን ይናገራል። በ2014 ከአምስተርዳም የተነሣው የማሌዥያ አውሮፕላን በዩክሬን ሰማይ ተመቶ 298 ሰዎች ሲያልቁ፣ አብዛኞቹ ሆላንዶች ነበሩ። አስከሬን መግባት በጀመረበት፣ የብሔራዊ ሐዘን ቀን በሆነው በጁላይ 23፣ በአገሩ ያሉ ወፍጮዎች ክንፋቸውን በሐዘን አቋቋም አቁመው ዋሉ።