ቀይ ቀበሮና የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋማ ተራሮች በስተቀር በዓለም በየትም ሥፍራ አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ይኖራሉ። ህልውናቸውን ከሚፈታተኑት አደጋዎች አንዱ የጤና ባለሙያው በሰው ላይ የሚያውቀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

በ1991 እና በ1992 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በባሌ የተነሣው ወረርሽኝ በክትትል ሥር ከነበሩት ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ፈጀ። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ተሰባስበው ስለሚኖሩ አንዱ ሲታመም ሌሎቹም በፍጥነት ይያዛሉ።

በ1994 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ ሌላ አደጋ ገለጠ። እንስሳው በስም ቀበሮ ይባል እንጂ በዝምድና ለተኩላ የቀረበ መሆኑን፣ የዘረመል ስብጥሩም እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳየ። በወብ ሸለቆ አንዳንዶቹ ከውሻ ጋር መዳቀላቸውንም አረጋገጠ። ስለዚህ በሽታውም ባዕዱ ዘርም የሚገቡበት በር አንድ ነበር፤ እርሱም ከባለቤቱ ጋር ወደ ግጦሽ የሚወጣው ውሻ ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአካባቢው ውሾች ይከተቡ ጀመር። ቀበሮዎቹን ራሳቸውን መከተብ ግን አከራካሪ ነበር። በ1991 በሴሬንጌቲ ክትትል ይደረግላቸው የነበሩ የዱር ውሾች ሲጠፉ፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ለክትባት መያዛቸውን በምክንያትነት አንሥተው ነበር። ግምቱ ባይረጋገጥም ጥንቃቄን አስከተለ።

በ2003 በሽታው በወብ ሸለቆ እንደገና ተነሣና ሦስት አራተኛ ያህሉን ቀበሮዎች ገደለ። በዚህን ጊዜ የእንስሳት ሐኪሞች በመንግሥት ፈቃድ፣ ወረርሽኙ ካልደረሰባቸው ቤተሰቦች በርካታ ቀበሮዎችን በወጥመድ እየያዙ ከተቡ፤ ወረርሽኙም በስፋት ሳይዛመት ተገታ።

በ2006 የታተመው ትንተና ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ቀበሮዎች መከተብ እንኳ ትልቁን እልቂት ሊያስቀር እንደሚችል አመለከተ። በሽታውን ከውሾች ለማጥፋት ግን 70 በመቶ ያህሉን መከተብ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ከዓላማው የመጣ ነው፤ በቀበሮዎቹ ዘንድ የተፈለገው ዘር እንዳይጠፋ ማድረግ እንጂ እያንዳንዱን ሞት ማስቀረት አይደለም። በ2018 ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ በአፍ የሚሰጥ ክትባት በዘመቻ መልክ ተጀመረ።

በሰው ሕክምና እንዲህ ያለው ስሌት ተቀባይነት የለውም፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ በሽተኛውን ማዳን ስለማይቻል አንድ ሕፃን እንኳ ሊሞት አይገባውም። በመሆኑም በውሻ የተነከሰ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ቁስሉን ማጠብና ክትባቱን መጀመር የኛ ድርሻ ሲሆን፣ የውሻውን ጉዳይ ለእንስሳት ሐኪሙ ሳይውል ሳያድር ማሳወቅም ከዚሁ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። በባሌ የተከተበ ውሻ ለእረኛው ልጅም ለቀበሮውም መከላከያ ነው።