ኖሪልስክ፦ ከተማ የተባለችበት ቀን

ኖሪልስክ የምትባለው የሩሲያ የማዕድን ከተማ በሕግ «ከተማ» የተባለችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1953 ነው። በዚያ ቀን ከተማዋን ከገነቡት እስረኞች መካከል ብዙዎቹ ሥራ ማቆም ከጀመሩ ሰባት ሳምንት አልፎ ነበር። ከሽቦ አጥሩ ጀርባ ጥቁር ባንዲራ ይውለበለባል፤ ከአጥሩ ውጭ መሣሪያ የታጠቁ ወታደሮች ከበዋል። ሞስኮ ለቦታው የከተማነት ማዕረግ ስትሰጥ፣ ግንበኞቹ ደግሞ እንደ ሰው መቆጠርን እየጠየቁ ነበር ማለት ነው። የኖሪልስክን ታሪክ ለመረዳት ከዚህ ግጥጥሞሽ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ከተማዋ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ያሳለፈችው ዘመን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራልና፦ ከተማ የማን ነው? ያዘዘው፣ የገነባው፣ የኖረበት ወይስ የገዛው?

ኖሪልስክ የምትገኘው በሰሜን ሳይቤሪያ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ፣ በ69ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ነው። በክረምት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ጨርሶ አትወጣም። ከሌላው ሩሲያ ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድም ሆነ የባቡር ሐዲድ የለም። ሰው በአውሮፕላን ይገባል፤ ከባዱ ዕቃ በመርከብ ተጭኖ በዬኒሴይ ወንዝ ላይ እስካለችው ዱዲንካ ወደብ ይመጣና ከዚያ ወደ ከተማዋ ይጓጓዛል። ነዋሪዎቹ ሌላውን ሩሲያ «ዋናው ምድር» ይሉታል፤ ልክ ደሴት ላይ እንደሚኖር ሰው። እንዲህ ባለ ቦታ ወደ 175 ሺህ ሰው የሚኖረው ከምድሩ በታች ባለው ኒኬል፣ መዳብና ፓላዲየም ምክንያት ብቻ ነው።

ይህን ሀብት ለዓለም ካሳወቁት ሰዎች ዋነኛው ኒኮላይ ኡርቫንትሴቭ የተባለ ጂኦሎጂስት ነው። ከ1919 ጀምሮ ቡድን እየመራ ወደ አካባቢው ተመላለሰ፤ በ1921 ከግንድ የተሠራ አንድ ትንሽ ቤት በቦታው ተተከለ። ያ ቤት «የኖሪልስክ የመጀመሪያው ቤት» ተብሎ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ኡርቫንትሴቭ ግን ለግኝቱ የተከፈለው ዋጋ እስር ነው። በ1938 ታሰረ፣ ተፈረደበት፣ ከዚያም ራሱ ወዳገኘው ማዕድን በእስረኛነት ተላከ። ስሙ በይፋ የጸዳው በ1954 ነው። በ1985 በ92 ዓመቱ ሲያርፍ አመዱ የተቀበረው እዚያው ኖሪልስክ ነው። ፈልጎ ያገኛት፣ ታስሮ የሠራባት፣ በመጨረሻም ያረፈባት ምድር አንድ ሆነች።

በ1935 ክረምት ከመግባቱ በፊት የሶቪየት መንግሥት ማዕድኑን የማውጣቱን ሥራ ለምስጢር ፖሊሱ ለኤንካቬዴ ሰጠ። ውሳኔው የወጣው በጁን ወር ሲሆን በዚያው በጋ የመጀመሪያዎቹ 1,200 ያህል እስረኞች ደረሱ። «ኖሪላግ» የተባለው ካምፕ እንዲህ ተወለደ። ከ1938 ጀምሮ ሥራውን የመራው አቭራሚ ዛቬንያጊን ቀደም ሲል በኡራል ተራሮች የሚገኘውን የማግኒቶጎርስክ የብረት ፋብሪካ ያስተዳደረ፣ በኋላም በሶቪየት የአቶሚክ ቦምብ ፕሮጀክት ትልቅ ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። በእሱ ዘመን ሐዲዱ፣ ጉድጓዱና ማቅለጫው በእስረኛ እጅ ቆሙ። በ1942፣ ጀርመን የሶቪየትን ምዕራብ በያዘችበት ወቅት፣ ኖሪልስክ ንጹህ ኒኬል ማምረት ጀመረች። ኒኬል ለታንክ ብረት አስፈላጊ ስለነበረ የከተማዋ ምርት ከጦር ግንባሩ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኖሪላግ እስረኞች ቁጥር ከ70 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ካምፑ በ1956 እስኪዘጋ ድረስ በአጠቃላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልፈውበታል።

እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? ከሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ጋር የሚተዋወቅ አንባቢ አንዱን በሩቁም ቢሆን ያውቀዋል። ባለቅኔዋ አና አኽማቶቫ ልጇ ሌቭ ጉሚልዮቭ በ1938 ሲታሰር በሌኒንግራድ እስር ቤት ደጃፍ ለወራት ተሰልፋለች፤ «ሬኪዬም» የተባለው ሥራዋም ከዚያ ሰልፍ የወጣ ነው። የግጥሙ አንባቢ ሰልፉን ያስታውሳል። ልጁ የት እንደተላከ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የተላከው ወደ ኖሪልስክ ነው። በማዕድን ጉድጓድ ሠርቶ በ1943 ከካምፕ ተለቀቀ፣ በኋላም ታዋቂ የታሪክ ምሁር ሆነ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኒኮላይ ኮዚሬቭም በዚያው ዘመን የኖሪላግ እስረኛ ነበር። ጌቮርግ ኮቻርና ሚካኤል ማዝማንያን የተባሉ ሁለት የአርመን አርክቴክቶች ከየሬቫን ተይዘው መጥተው የከተማዋን ሕንጻዎች ነድፈዋል። በዋናው ጎዳና በሌኒንስኪ ፕሮስፔክት የሚሄድ መንገደኛ የሚያየው ውበት፣ አምዱና ሰፊው አደባባይ፣ የተማረ እስረኛ እጅም ያለበት ነው።

በማርች 1953 ስታሊን ሞተ። በዚያው ወር መጨረሻ የወጣው ምሕረት በዋናነት አጭር ፍርድ ያላቸውን ሲያስፈታ ረጅም ፍርድ ያለባቸውን የፖለቲካ እስረኞች አለፋቸው። በኖሪልስክ ለእነዚህ ተብሎ በ1948 የተቋቋመ «ጎርላግ» የሚባል ልዩ ካምፕ ነበር። አብዛኞቹ ከምዕራብ ዩክሬን የመጡ ሲሆኑ ከባልቲክ አገሮች፣ ከቤላሩስና ከሌላም የተያዙ ነበሩባቸው። ልብሳቸው ላይ ቁጥር ተሰፍቶ፣ ማታ በራቸው ተቆልፎ፣ ለቤተሰብ ደብዳቤ መጻፍ በእጅጉ ተገድቦባቸው ይኖሩ ነበር። በሜይ መጨረሻ ጠባቂዎች እስረኞች ላይ ተኩሰው ሰው ሲገደል ትዕግሥቱ አለቀ። ሜይ 26 አድማው ተጀመረና ከካምፕ ወደ ካምፕ ተዛመተ፤ የሴቶቹም ካምፕ ገባበት።

ጥያቄያቸው ካምፑን ማፍረስ አልነበረም። ከሞስኮ ኮሚሽን እንዲመጣ፣ የሥራው ሰዓት እንዲያጥር፣ ቁጥሩ ከልብሳቸው እንዲነሣ፣ ቁልፉ ከበራቸው እንዲወርድ፣ የደብዳቤው ገደብ እንዲነሣላቸው ጠየቁ። ድምፃቸው ከአጥሩ እንዲወጣ ደግሞ አንድ ዘዴ ፈጠሩ፦ በራሪ ጽሑፍ አዘጋጅተው በገመድ በሚለቀቅ የወረቀት ካይት ላይ አስረው በነፋስ ወደ ከተማው ላኩት። ጽሑፉ ከሰማይ ተበትኖ በነዋሪው እግር ሥር ወደቀ። ኮሚሽኑ መጣ፣ ጥቂት ነገር ፈቀደ፣ ዋናውን ግን ነፈገ። ከዚያ ካምፖቹ አንድ በአንድ ተሰበሩ፤ የሴቶቹ ላይ የእሳት አደጋ ውኃ ተረጨባቸው። ጁላይ 15 ኖሪልስክ ከተማ ስትባል ሦስተኛው ካምፕ ገና እጁን አልሰጠም ነበር። ኦገስት 4 ወታደሮች እየተኮሱ ገቡበት፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ እስረኞችም ተገደሉ። አድማው በ70 ቀኑ አበቃ። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ልዩ ካምፖቹ ፈረሱ። በስታሊን ሞት ማግስት በኖሪልስክ፣ በቮርኩታና በኬንጊር የተነሡት አመጾች ጉላግ በዚያ መልኩ ሊቀጥል እንደማይችል ለሞስኮ አሳይተዋል።

ካምፑ ሲዘጋ ኖሪልስክ ባዶ አልቀረችም። ብዙ የቀድሞ እስረኞች ወደ ትውልድ አገራቸው እንዳይመለሱ ተከልክለው ነበር፤ ሌሎችም የሚመለሱበት ቤት አልነበራቸውም። በቦታቸው ደመወዝ እየተቀበሉ ያንኑ ሥራ ቀጠሉ። ከ1956 ጀምሮ ደግሞ የኮምሶሞል ወጣቶች ከሞስኮና ከሌኒንግራድ በገዛ ፈቃዳቸው መጡ። የሰሜን ተጨማሪ ክፍያ፣ ረጅም የዓመት ዕረፍት፣ ከዋናው ምድር የተሻለ የሱቅ ዕቃ ይጠብቃቸው ነበር። አብዛኞቹ «ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ ጥቂት አጠራቅሜ እመለሳለሁ» ባዮች ነበሩ። ሦስቱ ዓመት አሥር፣ አሥሩ ሠላሳ ሆነ። ልጆቻቸው እዚያ ተወለዱ፤ ለልጆቹ ደግሞ አገር ማለት ያው ጨለማው፣ ነፋሱና የፋብሪካው ጭስ ሆነ።

የአዲሶቹ ሕንጻዎች አቋቋምም ከካምፑ ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። የኖሪልስክ አፈር ሩሲያውያን «ዘላለማዊ ውርጭ» የሚሉት፣ በበጋ ላይ ላዩን ብቻ ቀልጦ ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ የሚኖር መሬት ነው። ሞቃት ሕንጻ በቀጥታ ሲያርፍበት ይቀልጥና ሕንጻውን ይዞ ይሰምጣል። ሚኻይል ኪም የተባለ የኮሪያ ተወላጅ መሐንዲስ፣ እሱም የኖሪላግ እስረኛ የነበረ፣ ሕንጻን በውርጩ ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ አቁሞ ከሥሩ ቀዝቃዛ አየር የሚያልፍበት ክፍተት የመተው ዘዴ በስፋት ሥራ ላይ እንዲውል ካደረጉት ዋነኛው ነው። በ1966 ለዚህ የሌኒን ሽልማት ተሰጠው። ያሰረው መንግሥት መልሶ ሸለመው።

ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ደመወዝ ለወራት መዘግየት ጀመረ። በኖቬምበር 1995 መንግሥት ከባንኮች ብድር ሲወስድ ትልልቅ ፋብሪካዎችን በመያዣነት ባቀረበበት ጨረታ የኖሪልስክ ኒኬል 38 በመቶ ድርሻ ለቭላድሚር ፖታኒን ባንክ በ170.1 ሚሊዮን ዶላር ተላለፈ። ከዓለም ትልልቅ የማዕድን ኩባንያዎች አንዱ የሆነውን ለመያዝ ይህ እጅግ አነስተኛ ዋጋ ነበር። ከተማዋ ከምስጢር ፖሊስ ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ባለሀብት ተሻገረች። ከ2001 መጨረሻ ጀምሮም የውጭ ዜጋ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይገባባት ተደረገ።

ዛሬ ከዓለም የፓላዲየም ምርት 40 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከዚህ ኩባንያ ነው። ፓላዲየም በዋናነት የሚፈለገው በመኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ መርዛማውን ጋዝ ለሚያጣራው ክፍል ነው። በሜሪላንድም ሆነ በፍራንክፈርት ቤንዚን የሚያቃጥል መኪና አየሩን ብዙ የማይበክለው በዚህ ማዕድን እገዛ ነው። ማዕድኑ የሚወጣባት ከተማ ግን ለረጅም ዓመታት በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስትተነፍስ ኖራለች። በዙሪያዋ ያለው ደን በሰፊው ደርቋል። መሃል ከተማው አጠገብ የነበረው የኒኬል ፋብሪካ የተዘጋው በ2016 ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የቆመው ሌላው ትልቅ ማቅለጫ «ናዴዥዳ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ተስፋ» ነው።

ሜይ 29 ቀን 2020 በከተማዋ አቅራቢያ የአንድ የኃይል ማመንጫ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ተሰንጥቆ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ናፍጣ ወደ ወንዝና ወደ አፈር ፈሰሰ። ኩባንያው ማጠራቀሚያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች የሰመጡት ውርጩ በመቅለጡ ነው አለ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ደግሞ በንድፍ፣ በግንባታና በክትትል ላይ የነበረውን ጉድለት አነሡ። ፍርድ ቤቱ የወሰነው ካሳ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሲሆን በ2021 ተከፈለ። አየሩ በሞቀ ቁጥር ምሰሶዎቹ የቆሙበት መሬት ይላላል። ግድግዳቸው ተሰንጥቆ ነዋሪ የለቀቃቸው ቤቶችም ጥቂት አይደሉም።

ከተማዋን በሚመለከተው በሽሚትኻ ተራራ ግርጌ እስረኞች የተቀበሩበት ቦታ አለ። ከ1990 ገደማ ጀምሮ ፖላንዳውያን፣ የባልቲክ ሰዎችና ሌሎችም ለሟቾቻቸው መታሰቢያ አቁመውበታል፤ ሕዝቡ «የኖሪልስክ ጎልጎታ» ይለዋል። የእነዚህን ሙታን ስም ከማኅደር እያወጣ ይሰበስብ የነበረው «ሜሞሪያል» የተባለው ማኅበር ግን በዲሴምበር 2021 በሩሲያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲፈርስ ተደርጓል። ሐውልቱ አለ፤ ስም ቆጣሪው ተባረረ።

ለዚህ ነው የመነሻው ጥያቄ ያረጀ ጥያቄ የማይሆነው። ያዘዘው ስሙን በፋብሪካው ላይ አኑሯል፤ የዛቬንያጊን ስም ለአሥርት ዓመታት ተለጥፎበት ነበር። የገዛው የባለቤትነት ሰነድ አለው። የኖረበት ደግሞ ጭሱን እየሳበ ልጁን ያሳድግበታል፣ ከተማዬ ብሎ ይወዳታል፤ በዚህ ፍቅሩ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። የሰነድ ድጋፍ የሌለው የገነባው ብቻ ነው። የእሱ ምስክር ምሰሶው፣ ሐዲዱና የተራራው ግርጌ ነው። ኖሪልስክ በየዓመቱ በጁላይ የብረታ ብረት ሠራተኞችን ቀን ከከተማዋ ልደት ጋር ታከብራለች። በልደቱ ቀን ላይ የሚነበበው ታሪክ ሙሉ እንዲሆን በ1953 ጁላይ 15 ሦስተኛው ካምፕ እጁን እንዳልሰጠ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ይበቃል።