ቶናው እስኪቀርብ ሦስት መስመር

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን መዘዞን የውጭ ሰው የሚያውቃት በኦፓሏ ነው። እኔ የማስታውሳት በአንዲት "ሀ" ነው። ጋቢ ተከናንቤ፣ ላፕቶፔን ከስልኬ ዳታ ጋር አገናኝቼ፣ ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ላይ የተበላሸ ፋይል አርም ነበር። "ሀ"ን ነካሁ። ምንም የለም። ተስፋ ቆርጬ እጄን ሳነሳ ብቅ አለች። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀርብ የጻፍኩት ሦስት መስመር ቢሆን ነው።

ያንንም ያገኘሁት በቪም ነው፤ ሥዕልም ማውዝም በማይፈልገው ኤዲተር። አባቱ ቪአይ የተወለደው እንዲህ ባለ መስመር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የበርክሌይ ተማሪ የነበረው ቢል ጆይ ከቤቱ ሆኖ በስልክ መስመር ወደ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ይገባ ነበር። ሞደሙ 300 ባውድ፣ ማለትም በሰከንድ 30 ምልክት ገደማ። 24 መስመር፣ በየመስመሩ 80 ምልክት የሚይዝ ስክሪን እንደ አዲስ ይሞላ ቢባል ከደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አብዛኛውን ትእዛዝ ወደ አንድ ሁለት ፊደል አሳጠረው፤ "ዲ"ን ሁለቴ ሲመቱ መስመሩ ይሰረዛል። ለጀማሪ ግን ጭንቅ ነው። መውጫው ጠፍቶት ኮምፒውተሩን ከሶኬት የነቀለ ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ፊደሉም ራሱ አላልፍ አለ። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ከውጭ ያገናኘን መስመር በሰከንድ 256 ኪሎቢት ነበር፤ የዘመኑ ኢሜይልም የእኛን ፊደል በወጉ አያሳልፍም ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ "ሴራ" የተባለውን ስልት ያወጡት ለዚሁ ችግር ነው። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ተንኮል ቢመስልም ሥራው ቅን ነበር፦ አማርኛው በላቲን ተጽፎ ይላካል፤ በትንሹ "ቲ" የተጻፈው "ተ"፣ በትልቁ የተጻፈው "ጠ" ሆኖ ይነበባል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ገባ፤ እሰየው። በሴራ 5 ባይት የነበረችው "ሰላም" ዛሬ በዩቲኤፍ-8 ዘጠኝ ባይት ናት። ለእሷስ መክፈል አይከፋኝም። የሚከፋኝ ለአራት አንቀጽ ዜና ብዬ ሳልወድ የማወርደው የማስታወቂያ ቪዲዮ ነው። ድረ ገጽ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራችሁን ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ቀን መዘዞ ወጥታችሁ ክፈቱት።