ገንዘብና ስሌት በካርታ ሜዳ

ገበጣ የሚጫወቱ ሰዎች እኩል ጠጠር ይዘው ይጀምራሉ። በቼዝም ቢሆን የሀብታሙ ንጉሥ ከድኻው ንጉሥ አይበልጥም፤ የሁለቱም ወታደሮች ያው ስምንት ናቸው። ተሸናፊው ቢያዝን በገዛ አእምሮው እንጂ በኪሱ አያዝንም። ለመሆኑ እያንዳንዱ ተጫዋች ጦሩን ከሱቅ ገዝቶ የሚመጣበት ጨዋታ ቢኖርስ? ድሉ የማን ይሆናል? ብዙ የገዛው ወይስ ብዙ ያሰበው?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው የካርታ ጨዋታ በአሜሪካ ከወጣበት ከ1993 ጀምሮ ተጫዋቾቹ ሲፋለሙበት የኖሩት ጥያቄ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው ከመነሻው እንጀምር።

ጨዋታውን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሒሳብ ሊቅ ነው። ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለ በዋሽንግተን ግዛት የሚገኝ ትንሽ ኩባንያ በነሐሴ 1993 ለገበያ ሲያቀርበው የመጀመሪያው እትም 2.6 ሚሊዮን ያህል ካርታዎች ነበሩት፤ ብዙም ሳይቆይ ተሸጠው አለቁ። ካርታዎቹ የሚሸጡት በታሸገ ፓኬት ስለነበር ገዢው ምን እንደሚደርሰው አያውቅም። አንዳንዱ ካርታ በየፓኬቱ የሚገኝ ተራ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ብርቅ ነው።

አጨዋወቱ በአጭሩ ይህን ይመስላል። እያንዳንዱ ተጫዋች 20 የሕይወት ነጥብና 7 ካርታ ይዞ ይጀምራል፤ ተራው በደረሰ ቁጥርም አንድ ካርታ ይስባል። «መሬት» የሚባሉት ካርታዎች ማና የተባለውን ኃይል ያስገኛሉ፤ በአንድ ተራ ግን ከአንድ መሬት በላይ መዘርጋት አይቻልም። ፍጡራኑ፣ መብረቁና አስማቱ ሁሉ ዋጋቸው የሚከፈለው በዚህ ማና ነው። የባላጋራውን ነጥብ ወደ ዜሮ ያወረደ ያሸንፋል። ታዲያ ዋናው ሥራ ያለው ከግጥሚያው በፊት ነው። ተጫዋቹ ካሉት ካርታዎች የሚበጁትን መርጦ ጥቅሉን ያዘጋጃል። ቀድሞ መጥኖ ያልደቆሰ፣ ድስቱ ከተጣደ በኋላ የሚያደርገው ነገር የለም።

በመጀመሪያው ደንብ ጥቅሉ ከ40 ካርታ እንዳያንስ ይደነገጋል እንጂ የአንድ ዓይነት ካርታ ብዛት አይወሰንም ነበር። ብላክ ሎተስ የተባለው ብርቅ ካርታ ምንም ሳይከፈልበት ሦስት ማና ይሰጣል። አንሴስትራል ሪኮል ደግሞ በአንድ ማና ሦስት ካርታ ያስስባል። ገንዘብ ያለው እነዚህን ደርድሮ ቢመጣ ማን ይችለዋል? በ1994 መጀመሪያ ላይ ለውድድር ሕግ ወጣ። ጥቅሉ ከ60 እንዳያንስ፣ ከመሠረታዊ የመሬት ካርታዎች በቀር አንድ ዓይነት ካርታ ከአራት እንዳይበልጥ፣ እጅግ ኃይለኞቹም አንድ አንድ ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። በእኔ አመለካከት የጨዋታው ስልት በእውነት የተወለደው ያን ጊዜ ነው። ጉልበት ሲገደብ ሰው ማሰብ ይጀምራልና።

ከመጀመሪያዎቹ አሳቢዎች አንዱ የካሊፎርኒያው ብራያን ዋይስማን ነበር። ሌሎች ግዙፍ ፍጡራንን ሲያሰልፉ እሱ በጥቅሉ ውስጥ ለማሸነፊያ ያስገባው ሴራ ኤንጀል የተባሉ ሁለት መላእክትን ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ የባላጋራን ካርታ ማክሸፊያ፣ ማጥፊያና ተጨማሪ ካርታ መሳቢያ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንዱን ካርታዬን ሰጥቼ ሁለቱን ካጠፋሁብህ፣ ውሎ አድሮ እጅህ ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አንድ መልአክ ይበቃኛል። ይሁን እንጂ ይህ ጥቅል ብላክ ሎተስንና መሰሎቹን የያዘ ውድ ጥቅል ነበር። እዚህ ላይ አሳብ ከገንዘብ ጋር እንጂ ገንዘብን ተቃውሞ አልቆመም።

በ1995 አዲስ የውድድር ዓይነት ተጀመረ። በቅርብ ጊዜ የታተሙ ካርታዎች ብቻ የሚፈቀዱበት በመሆኑ የጥንቶቹ ውድ ካርታዎች ከሜዳ ውጭ ሆኑ። በ1996 ፖል ስላይ የተባለ ተጫዋች በአትላንታ በተደረገ ማጣሪያ ጄይ ሽናይደር ባሰናዳው ቀይ ጥቅል ሁለተኛ ወጣ። በጥቅሉ ውስጥ አይረንክሎ ኦርክስን የመሰሉ ሰው የሚንቃቸው ፍጡራን ነበሩበት። መልአኩ አምስት ማና ያስከፍላል፣ ጉልበቱም አራት ነው፤ ኦርኩ ሁለት ማና ያስከፍላል፣ ጉልበቱም ሁለት ነው። ማንም ሰው መልአኩን ይመርጣል። ነገር ግን በሁለተኛው ተራ የተሰለፈ ኦርክ፣ ከልካይ ካላገኘ፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ተራ ሲመታ ስድስት ነጥብ ወስዷል፤ መልአኩ ገና መሰለፉ ነው። ሽናይደር ያሰላው የካርታውን ጉልበት ሳይሆን ጊዜውን ነበር፤ በየተራው የተገኘው ማና አንድም ሳይባክን እንዲውል።

በዚያው ዓመት የበጋ ወራት ሌላ ካርታ ገነነ። በ1995 የወጣው ኔክሮፖተንስ ባለቤቱ በየተራው የሚስበውን ካርታ ይከለክለዋል፤ በምትኩ አንድ የሕይወት ነጥብ እየከፈለ አንድ ካርታ እንዲወስድ ይፈቅድለታል። መጀመሪያ ብዙዎች ናቁት። ሕይወቱን የሚሸጥ ማን ነው? ኋላ ግን ነገሩ ገባቸው። ከ20ው ነጥብ ሰውን የሚገድለው የመጨረሻው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት አሥራ ዘጠኙ የሚመነዘር ገንዘብ ናቸው። የኔክሮፖተንስ ጥቅል ውድድሩን ስላጥለቀለቀው ያ ወቅት እስከ ዛሬ «ጥቁሩ በጋ» ይባላል።

ካርታ፣ ጊዜ፣ ሕይወት፤ ሦስቱም መለኪያዎች በካርታው ፊት ላይ አልተጻፉም። ተጫዋቾች በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ራሳቸው ያገኟቸው ናቸው። ይህ ያስደንቀኛል።

ገንዘብ ግን እጁን አልሰጠም። በ1995 ኩባንያው የቆዩ ካርታዎችን መልሶ ቢያትም ዋጋቸው የወደቀባቸው ሰብሳቢዎች ጮኹ። በ1996 ብላክ ሎተስን ጨምሮ በርካታ ካርታዎችን ዳግም ላለማተም ቃል ገባ። በጥር 2021 አንድ የመጀመሪያው እትም ብላክ ሎተስ በ511,100 ዶላር ተሸጠ። ያ ካርታ በተፈቀደበት ሜዳ ደሞዝተኛ ተጫዋች የለበትም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ «አሳብ ገንዘብን ያሸንፋል» ብዬ አንባቢን አልሸነግልም። ታሪኩ የሚነግረኝ ሌላ ነው። የሽናይደር ኦርኮች መልአኩን የቀደሙት መጀመሪያ ሕግ ብላክ ሎተስን ከሜዳ ስላስወጣላቸው ነው። አሳብ ገንዘብን የሚረታው ለገንዘብ ወሰን በተበጀለት ሜዳ ላይ ነው፤ ወሰኑን የሚያበጀው ደግሞ ካርታ ሳይሆን ሰው ነው።