ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ
የአይል ኦቭ ዋይት ንቦች ሞትና ለአርባ ዓመት የተሳሳተው ፍርድ

በእንግሊዝ አገር ደቡባዊ ጠረፍ አጠገብ አይል ኦቭ ዋይት የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። የደሴቲቱ ንብ አናቢዎች በ1906 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያልለመዱት ነገር ገጠማቸው። ንቦቹ ከቀፏቸው እየወጡ መብረር ተሳናቸው። ክንፋቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ በሣር ላይ ይድሁ ጀመር። ከሣሩ ጫፍ ወጥተው ለመነሣት ይሞክራሉ፤ ተመልሰው ይወድቃሉ። ሲመሽ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ከቀፎው ደጃፍ ይከመራሉ፤ ሲነጋ ሞተው ይገኛሉ። ቀፎው ሲከፈት ማሩ አለ፤ ባለቤቶቹ ግን የሉም።

በሽታው በደሴቲቱ ብቻ አልቀረም። በ1909 ባሕሩን ተሻግሮ በዋናው ምድር ታየ። ከዚያም ከአውራጃ አውራጃ እየዘለለ እስከ ስኮትላንድ ዘለቀ። ስሙንም ከተነሣበት ቦታ አገኘና «የአይል ኦቭ ዋይት በሽታ» ተባለ። የጓሮ ቀፎውን ማር ሸጦ ኑሮውን ይደጉም የነበረው የገጠር ሰው በአንድ ክረምት ባዶ እጁን ቀረ። በዚህ ላይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ስኳር ከገበያ በጠፋበት ሰዓት ማሩም አብሮ ጠፋ።

የጥፋቱን መጠን ለመገመት አንድ ገዳም ማየት ይበቃል። በዴቨን አውራጃ በሚገኘው የበክፋስት ገዳም ወንድም አዳም የሚባል ከጀርመን አገር በልጅነቱ የመጣ ወጣት መነኩሴ ነበር። በ1915 በገዳሙ ንብ ቤት ረዳት ሆኖ ሲመደብ በቦታው 46 መንጋ ንብ ነበር። በተከታዩ ዓመት የተረፈው 16 ብቻ ሆነ። ወጣቱ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። የአገሩ ጥቁር ንብ አልቆ የቀሩት የኢጣሊያ ደም ያለባቸው አውራዎች የወለዷቸው ነበሩ። ወንድም አዳም ከዚያች ቀን ጀምሮ በሽታ የሚቋቋም ዘር ሲያዳቅል ዕድሜውን ፈጀ። በ1996 በ98 ዓመቱ ሲያርፍ የበክፋስት ንብ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ዘር ሆኖ ነበር።

ተከሳሾቹ

ለመሆኑ ገዳዩ ማን ነበር? የጊዜው ሊቃውንት ዝም ብለው አልተቀመጡም። መጀመሪያ የተከሰሰው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ ግን በጤነኛውም ንብ ሆድ ውስጥ አይጠፋም፤ ክሱ ወደቀ። ቀጥሎ በ1912 ገደማ ኖሴማ የተባለ የንብን አንጀት የሚያጠቃ ጥገኛ ተሕዋስ ተጠረጠረ። እሱም ከታመሙት መካከል በብዙዎቹ ሳይገኝ ቀረ።

በመጨረሻ በ1921 በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ጆን ሬኒና ባልደረቦቻቸው አዲስ ተከሳሽ ይዘው ቀረቡ። የንብን የመተንፈሻ ቧንቧ ሰንጥቀው በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ከመዥገር ወገን የሆነች በዓይን የማትታይ ተባይ በውስጡ ተራብታ አገኙ። ግኝቱ እውነተኛ ነበር፤ ተባይዋም እውነተኛ ነበረች። ንቢቱ መብረር ያቃታት አየር አጥሯት ነው የሚለው ማብራሪያም ለጆሮ ይጥማል። ስለዚህ መዝገቡ ተዘጋ። አሜሪካኖች ይህችን ተባይ ፈርተው በ1922 ከውጭ አገር ንብ እንዳይገባ በሕግ ከለከሉ። የንብ ማነቢያ መጻሕፍትም ፍርዱን እንደ ጸደቀ ቃል ለአርባ ዓመት ያህል እየተቀባበሉ ጻፉት።

ሆኖም «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» እንዲሉ፣ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ታልፎ ነበር። ተባይዋ ያለችባቸው ንቦች ሁሉ ይድሃሉ ወይ? የሚድሁት ሁሉስ ተባይዋ አለችባቸው ወይ?

በማጥሪያ የሚያልፈው ገዳይ

ይህን ጥያቄ አጥብቆ የያዘው በለንደን ሰሜን በሚገኘው የሮታምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ሌስሊ ቤይሊ ነው። ቤይሊ ተባይዋ የሞላችባቸውን ንቦች ሲመረምር እንደማንኛውም ንብ ሲበሩና ሲሠሩ አገኛቸው። ዕድሜያቸው ጥቂት ሊያጥር ይችላል እንጂ አይድሁም። በአንጻሩ ደግሞ እየተንቀጠቀጡ ከሚድሁት መካከል ተባይዋ ፈጽሞ የሌለችባቸው ነበሩ።

እንግዲህ ሌላ ገዳይ መፈለግ ነበረበት። መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎ ነበር። አሜሪካዊው ዋይት (ከደሴቲቱ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ዝምድና የለውም) በ1913 የንብ ዕጭን እንደ ውኃ ከረጢት አድርጎ የሚገድለው በሽታ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥሪያ ውስጥ ሾልኮ እንደሚያልፍ አሳይቷል። በማጥሪያ የሚያልፍ፣ በተራ አጉሊ መነጽርም የማይታይ ነገር ማለት ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነው። የንብ ቫይረሶች እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ ብዙዎቹ በአንድ ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ 30 ሺህ ያህል ሊደረደሩ ይችላሉ። በ1921 የነበረ ሰው እነሱን የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም። ተባይዋ የተፈረደባት ጥፋተኛ ሆና ሳይሆን የምትታይ ሆና ነው ማለት ይቻላል።

ቤይሊ የሚንቀጠቀጡትን ንቦች ፈጭቶ፣ አጥልሎ፣ ፈሳሹን በጤነኞች ላይ ወጋ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እነሱም ተንቀጠቀጡ፤ ዳሁ፤ ሞቱ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ከጤነኛ ንብ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሌሎችን ወጋ። አስገራሚው ነገር የተከሰተው እዚህ ላይ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ የሞቱ ተገኙ፤ ያውም ፈጥነው። ጤነኛ የተባሉት ንቦች ምንም ምልክት ሳያሳዩ ሌላ ቫይረስ ተሸክመው ኖሯል። ቤይሊና ሁለት ባልደረቦቹ በ1963 ሁለቱን ቫይረሶች ለዓለም አስታወቁ። አንደኛው የዘገምተኛ ሽባነት፣ ሁለተኛው የፈጣን ሽባነት ቫይረስ ተባሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ቤይሊ የአይል ኦቭ ዋይት በሽታ የሚባለው ተረት ነው ሲል ጻፈ። ንቦቹ አልሞቱም ማለቱ አልነበረም። ሕዝቡ በዚያ ዘመን የሞተውን ንብ ሁሉ፣ የተራበውንም፣ ብርድና ዝናብ የፈጀውንም፣ ኖሴማ የያዘውንም በአንድ ስም ጠርቶታል ማለቱ ነው። ከአበባው ይልቅ ቀፎው በበዛበት አካባቢ ረሀቡና መጨናነቁ ለበሽታ በር ይከፍታል። በሣሩ ላይ የሚድሁትን በተመለከተ ግን ምልክታቸው ከዘገምተኛው ሽባነት ጋር አንድ ነው። እርግጥ ቤይሊ የያዘው ማስረጃ የምልክት መመሳሰል እንጂ የ1906 ንቦች ሬሳ አልነበረም። ስለዚህ የእሱም ቃል የመጨረሻ ፍርድ ሳይሆን ከቀድሞው የተሻለ ክስ ነው። የአገሩ ጥቁር ንብ ፈጽሞ ጠፍቷል የተባለውም ቢሆን በኋላ በተደረገ የዘር ምርመራ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል።

ተባይና ቫይረስ ሲገጥሙ

ታሪክ ግን አንዳንድ ጊዜ ያሾፋል። በ1921 ያለ ጥፋቷ የተከሰሰችው ተባይ ነጻ በወጣች ማግሥት እውነተኛ ግብረ አበር የሆነች ሌላ ተባይ መጣች። ቫሮዋ ትባላለች። መነሻዋ የእስያ ንብ ሲሆን በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ እኛ ዓይነቱ ንብ ተሻገረች። አሜሪካ በ1987፣ እንግሊዝ በ1992 ገባች።

ክንፍ አጨማዳጁ የሚባለው ቫይረስ ከእሷ በፊትም በንቦች ውስጥ ነበር፤ ጉዳቱ ግን እምብዛም አይታወቅም ነበር። ቫሮዋ ግን ዕጯ ከታሸገችበት ክፍል ገብታ አካሏን እየበሳች ስትመገብ ቫይረሱን እንደ መርፌ በቀጥታ ትወጋዋለች። የሐዋይ ደሴቶች ይህን ቁልጭ አድርገው አሳይተዋል። በ2012 በታተመ ጥናት፣ ቫሮዋ ባልደረሰችባቸው ደሴቶች ቫይረሱ የተገኘው በአሥር በመቶ ያህሉ መንጋ ነበር፤ በገባችባቸው ደሴቶች ግን ቁጥሩ ወደ መቶ በመቶ ወጣ። ቫይረሱ አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የሆነው መንገዱ ነው።

ጉዳዩ የእኛንም ደጃፍ ረግጧል። በ2010ዎቹ በተደረጉ ጥናቶች ቫሮዋ በትግራይ ቀፎዎች ውስጥ ተገኝታለች። የአፍሪካ ንቦች ከአውሮፓዎቹ ይልቅ እሷን ሲቋቋሙ መታየታቸው መልካም ነው። ግን በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ የሆነች አገር በዕድል ብቻ ልትጽናና አይገባትም።

የዘገምተኛው ሽባነት ቫይረስም ታሪክ ሆኖ አልቀረም። በ2007 በእንግሊዝ በአንድ አውራጃ ብቻ ተመዝግቦ የነበረው በሽታ በ2017 ከ47ቱ አውራጃዎች በ39ኙ ታየ። ከውጭ አገር ንብ የሚያስመጡ አናቢዎች ዘንድም በብዛት ተገኘ። ንቦቹ ዛሬም ልክ እንደ 1906ቱ እየተንቀጠቀጡ ከቀፏቸው ደጃፍ ይከመራሉ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የዛሬው ንብ አናቢ ከመክሰሱ በፊት የት መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።