በቅሎ (መካንነት)

በቅሎ የወንድ አህያና የባዝራ ልጅ ናት። በአዳማ፣ በመቂና በባቱ ጋሪ የሚጎትቱት በአብዛኛው ፈረስና አህያ ሲሆኑ፣ በቅሎ ይበልጥ የደጋ ሰው ሀብት ናት። «አባትሽ ማነው?» ሲሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች የሚባለው ተረት የዘሯን ጉዳይ በትክክል ይይዘዋል፤ በባዝራይቱ በኩል ፈረስ በእርግጥ አጎቷ ነው።

ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው፤ በቅሎ 63 ይደርሳታል። ጎዶሎው ቁጥር ተጣምሮ ስለማይከፈል ለጽንስ የሚበቃ እንቁላል እምብዛም አይፈጠርም። ወንዱም መካን ነው፤ ግን ፍላጎቱ ስለማይጠፋ ካልተኮላሸ ለሥራ ያስቸግራል።

ሴቷ ግን ታሳስታለች። ወንድ የምትፈልግበት ወቅት አላት፤ የሌላ እንስሳ ውርንጭላ ስታይ ከእናቱ ነጥላ እንደ ራሷ ልጅ የምትጠብቅም አለች። በዚህ ላይ ሆዷ በድርቆሽ ወይም በትል ሲነፋ ባለቤቷ «አርግዛለች» ቢል አይፈረድበትም። ማህፀኗ ራሱ ጤነኛ ነው፤ የፈረስ ወይም የአህያ ሽል ተዛውሮላት እስከ መውለድ የደረሰችበት ሙከራ አለ። በራሷ እንቁላል መውለድ ግን ብርቅ ነው፤ በክሮሞሶም ምርመራ ከተረጋገጡት ጥቂቶች አንዱ በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት የታየው ነው።

ስለዚህ በቅሎ የሚፈልግ ሰው የሚያረባው ባዝራን ነው፤ እርግዝናውም 11 ወር ያህል ይፈጃል።