የሊበን ሜዳ ወፍና የሣሩ ታሪክ

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከነጌሌ ቦረና ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋው የሊበን ሜዳ በከብት አርቢዎች ዘንድ የሚታወቀው በግጦሹ ነው፤ በሳይንሱ ዓለም ስሙን ያስጠራችው ግን አንዲት ትንሽ ወፍ ናት። ፈረንሳዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ክርስቲያን ኤራር የመጀመሪያዋን ናሙና እዚህ ያገኘው በ1968 ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1975 አዲስ ዝርያ መሆኗን አሳውቆ በጊዜው በነበረው ክፍለ ሀገር በሲዳሞ ስም ሰየማት። ዛሬ የሊበን ላርክ ትባላለች። ላባዋ የደረቀ ሣር መልክ አለው፤ ራሷ ተለቅ፣ አንገቷ ቀጠን፣ ጅራቷ አጠር ያለ ነው፤ የኋላ ጣቷ ጥፍር ደግሞ ረጅም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሣሩ ውስጥ ተሸሽጋ ስለምትሄድ በቀላሉ አትታይም፤ ወንዱ ግን በመራቢያው ወቅት ወደ ላይ ወጥቶ እየበረረ ይዘምራል። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ከሣር ሥር ነው። ሣሩ ከተጋጠ እንቁላሉም ጫጩቱም ገላጣ ላይ ይቀራል። የወፏ ዕጣ ከሜዳው አያያዝ ጋር የተቆራኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤራር ሊበን ከመድረሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ የብሪታኒያ ሶማሌላንድ አስተዳዳሪ የነበረው ጄፍሪ አርቸር ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙም ከማይርቅ ሜዳ ተመሳሳይ ወፍ ሰብስቦ ነበር። እሷም በ1920 በእርሱ ስም አርቸር ላርክ ተብላ ተመዘገበች። ከ1922 ወዲህ ግን በዚያ ሥፍራ በእርግጠኝነት ያያት የለም፤ ፈላጊዎች ደጋግመው ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። በኋላ በጅግጅጋ አካባቢ ሌሎች ላርኮች ታዩና ጥያቄው ተነሣ፤ እነዚህ የሊበኗ ወገኖች ናቸው ወይስ ጠፋች የተባለችው የአርቸር ወፍ? የዝግመተ ለውጥ ሥነ ምህዳር ተመራማሪዋ ክሌር ስፖቲስውድና ባልደረቦቿ በ2013 ባሳተሙት ጥናት የሕያዋኑን ወፎች ዘረመል በሙዚየም ከተቀመጡት የአርቸር ዘመን ናሙናዎች ጋር አስተያዩ፤ የአካል ልኬትም ጨመሩበት። መልሱ ከተጠበቀው በላይ ሄደ። የጅግጅጋዋ፣ የአርቸርና የሊበኗ ወፍ ሁሉም አንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ። በስያሜ ሕግ ቀድሞ የተሰጠው ስም ስለሚጸና፣ የሳይንስ ስሟ የአርቸር ሆኖ ቀረ። ሲዳሞ ከካርታው እንደወጣ ሁሉ ከወፏም ስም ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ሁለት ዝርያ ይመስል የነበረው አንድ ከሆነ፣ ወፏም ከሊበን ውጭ ዘመድ ካላት፣ ስለ ሊበን መጨነቁ ለምን? ተቃውሞው መሠረት አለው፤ የጥበቃ ገንዘብ የሚመደበው አብዛኛውን ጊዜ በዝርያ ስም ነውና፣ ስም ሲጠፋ ትኩረቱም ሊሸሽ ይችላል። ማስረጃው የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በሊበንና በጅግጅጋ መካከል ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት አለ፤ ዛሬ አብዛኛው ለዚህች ወፍ የማይስማማ ምድር ነው። ይህን ያህል ተራርቀው ዘረመላቸው ይህን ያህል ከተቀራረበ፣ የተለያዩት በቅርብ ዘመን መሆን አለበት። ስለዚህ እኔ የጥናቱን ውጤት የማነበው እንደ ምሥራች ሳይሆን እንደ ታሪክ መረጃ ነው፤ በአንድ ወቅት ሰፊ የነበረ ሥርጭት ተቆራርጦ ሁለት ቁራጭ ብቻ እንደቀረው ይነግረናል። የሊበኑ ቁራጭ በ2009 በታተመ ጥናት መሠረት ከ36 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ነበር። በ2007 እና በ2009 መካከል የተቆጠሩት ወፎች 40 በመቶ ያህል ቀነሱ። በዋናው የአፍሪካ ምድር በሰነድ የተመዘገበ የመጀመሪያው የወፍ ዝርያ መጥፋት ይሆናል የሚል ስጋት የተሰማውም ያኔ ነው። የጅግጅጋዎቹ መኖር የሊበኑን ሣር አያበቅልም፤ በዚያም በኩል ሜዳው ወደ እርሻ እየተለወጠ ነው።

ዘረመልን ይህን ያህል ማመን ይገባል ወይ የሚልም ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለዚህም ከዚያው ከአፍሪካ ቀንድ የተገኘ ትምህርት አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሶማሊያ ውስጥ ቡሎ ቡርቲ በተባለች ከተማ አንድ እንግዳ ወፍ ተያዘ፤ ላለመግደል ሲባል ደምና ላባ ተወስዶለት ኋላ ተለቀቀ፣ በ1991ም በዲኤንኤው ተመሥርቶ አዲስ ዝርያ ተባለ። በ2008 የወጣ ሌላ የዘረመል ጥናት ግን ከሚታወቅ ዝርያ ውስጥ በቀለም ብቻ የሚለይ ወፍ መሆኑን አሳየ። ስህተቱን ያረመው ያው ዘረመል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ የተለወጠው ለንጽጽር የቀረቡት ወፎች ብዛት ነው። የላርኳ ጥናት በአንዲት ወፍ ላይ አልቆመም፤ የዘረመሉ፣ የላባውና የአካል ልኬቱ ማስረጃ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከብቱን የሚከስሰው ነው፦ ሣሩን የጨረሰው መንጋው ከሆነ፣ ሜዳው ይከለልና አርቢው ይውጣ የሚል። ይህን ሐሳብ የሚያፈርሰው የሜዳው የራሱ ታሪክ ነው። ቦረናዎች የሚታለቡትን ላሞች ከመንደር አጠገብ፣ ሌላውን መንጋ ደግሞ ፎራ ብለው ወደ ሩቅ ግጦሽ በመላክ መሬቱን ሲያሳርፉ ኖረዋል። ቁጥቋጦ እንዳይወርሰውና አዲስ ሣር እንዲበቅል እሳት ይለቁበት ነበር። ወፏም ከዚህ አያያዝ ጋር አብራ ኖራለች። በ1970ዎቹ መንግሥት የግጦሽ መሬት ማቃጠልን ከለከለ፤ የግራር ቁጥቋጦ ተስፋፋ። የሰው ሠፈራ ጨመረ፣ ጥሩው መሬት ለበቆሎ ታረሰ፣ የመንጋው መንቀሳቀሻ ጠበበ። ከዚያ ወዲህ የቀረው ሣር ዓመቱን ሙሉ ይጋጣል፤ አፈር እስኪታይ። እንግዲህ ወፏን ለአደጋ የዳረጋት ከብት አርቢነት ነው ማለት ሐሰት ነው፤ የዳረጋት አርቢው መሬቱን የሚያስተዳድርበት ሥርዓት መሸርሸሩ ነው። አርቢውን ማስወጣት የሥርዓቱን የመጨረሻ ባለቤት ማስወጣት ይሆናል፤ ግጦሽም እሳትም የሌለበት ሜዳ ደግሞ ውሎ አድሮ ቁጥቋጦ ይወርሰዋል።

መፍትሔው ከዚያው ባህል መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። ካሎ የሚባለው የቦረናዎች ልማድ አለ፤ በበጋ ለጥጃና ለደከመ ከብት የሚሆን ሣር እንዲተርፍ አንድ ቦታ በእሾህ ቅርንጫፍ ይታጠርና እስኪደርስ ሌላ መንጋ አይገባበትም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርና አጋሮቹ ከሊበን ነዋሪዎች ጋር ሆነው በሜዳው ላይ እንዲህ ያሉ ካሎዎችን አቋቁመዋል። ሣሩ ረዝሞ እስከቆየ ድረስ ወፏ መራቢያ ታገኛለች፤ ሣሩን ግን በመጨረሻ የሚበላው ጥጃው ነው፤ ነዋሪው አጥሩን የሚጠብቀውም ለዚህ ነው። በጅግጅጋ በኩል ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ሜዳው ከሶማሌ አርብቶ አደሮች የግጦሽና የመሬት ልማድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ የቦረናው ካሎ እንዳለ ተወስዶ ሊተከል አይችልም፤ ምን ይተርፍ፣ ምን ይታረስ የሚለውን የሚወስነው የዚያው አገር ሽማግሌ ነው። ዘረመሉ ሁለቱን ሜዳዎች በአንድ ዝርያ አስተሳስሯቸዋል፤ የሣሩ ውል ግን በየቦታው ለየብቻ መዋዋል አለበት።